የቆሻሻው ኮረብታና የችግኙ ፕላን

ከሀይሌ ጋርመንት ተነሥቶ በጀሞ በኩል ወደ አየር ጤና የሚጓዝ ሰው፣ ረጲ ሲደርስ ከመንገዱ ዳር የቆመውን ኮረብታ ሳያይ አያልፍም። ይህን ኮረብታ የሠራው ተፈጥሮ አይደለም። የአዲስ አበባ ሕዝብ ከአምሳ ዓመት በላይ ከየቤቱ ያወጣው ጥራጊ 36 ሄክታር በሚያህል መሬት ላይ ተከምሮ ያበቀለው ነው፤ ስሙም ቆሼ ይባላል።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ የክምሩ አንዱ ጎን ተንዶ ከሥሩ በነበሩት ቤቶች ላይ ወደቀ። ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ በአገሪቱም የሦስት ቀን ሐዘን ታወጀ። ከአደጋው በፊት ቆሻሻው ወደ ሰንዳፋ እንዲዛወር ተደርጎ ነበር። ነገር ግን የአካባቢው ገበሬዎች ስለ ተቃወሙ ሥራው በጥቂት ወራት ውስጥ በ2008 ዓ.ም. ቆመና መኪናዎቹ ወደ ረጲ ተመለሱ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. እዚያው የተመረቀው የኤሌክትሪክ ማመንጫም ቢሆን ዕለት ዕለት የሚመጣውን ቆሻሻ እንዲያቃጥል የታሰበ እንጂ አሮጌውን ክምር የሚያነሣ አልነበረም።

እንግዲህ ይህን የመሰለ መሬት እንዴት ይድናል? ባሁኑ ጊዜ ስለተጎዳ መሬት የሚዘጋጅ ፕላን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በችግኝ ቁጥር ነው። ስንት ተተከለ፣ ስንት ጸደቀ እየተባለ ሰንጠረዥ ይሞላል። ወጣት የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች በዚህ መድከማቸው የሚነቀፍ አይደለም፤ ሆኖም በቆሻሻ ክምር ላይ ችግኝ የሥራው መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ ሊሆን አይችልም። ምክንያቱም ከበሰበሰው ጥራጊ ውስጥ ሜቴን የሚባል ጋዝ ይወጣል። ጋዙ በአፈሩ ውስጥ ያለውን አየር ገፍቶ ስለሚያስወጣው ሥሩ ታፍኖ ዛፉ ይደርቃል። ዝናብ ሲገባ ደግሞ ክምሩ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ ከሥሩም ጥቁር መርዛማ ውሃ እየወረደ ወደ ወንዝ ይገባል።

ስለዚህ አስቀድሞ ቀጥ ያለው ጎን በእርከን ተቆርጦ መቀነስ አለበት። ቀጥሎ ለጋዙም ለውሃውም መውጫ ይበጅለታል፤ ከዚያም ሸክላ አፈር ይለብሳል፣ በላዩም ለም አፈር ይደረብለታል። መጀመሪያ የሚዘራው ሣር ነው። ባሕር ዛፍ ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለከተማችን ትልቅ ውለታ የዋለ ዛፍ ቢሆንም፣ ለዚህ ቦታ ግን የሚመከር አይመስለኝም፤ ጥልቅ ሥሩ ክዳኑን ይሰነጥቀዋል፣ ከሥሩም ሣር እንደ ልብ አይበቅልም።

ዘዴው ከአቅማችን በላይ አይደለም። በጃፓን በፉኩኦካ ዩኒቨርሲቲ የተጠናው አሠራር ባለ ቀዳዳ ቧንቧ በድንጋይ መካከል አጋድሞ ውሃውን ማስወጣትና አየር ማስገባት ነው፤ ቧንቧ በታጣበት አገር ቀርከሃና አሮጌ በርሜል ይተካዋል። ከቆሼው አደጋ በኋላ የተባበሩት መንግሥታት የከተሞች ድርጅት በጃፓን ርዳታ ይኸንኑ ዘዴ ወደ ረጲ አምጥቶታል። የቃኘው ወታደሮቻችን የተዋጉላት ኮሪያም ትመሰክራለች። በሴኡል ያለው ናንጂዶ እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1993 የከተማው ቆሻሻ መጣያ ነበር። መናፈሻ ሆኖ የተከፈተው በ2002 ነው። ቦታው ከተዘጋ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ያህል ጠይቋል ማለት ነው፤ በመካከሉ የተሠራው ሥራ ጋዙን መሰብሰብ፣ ውሃውን ማገድና አፈር ማልበስ ነበር።

የገንዘቡ ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። በደቡብ ምዕራብ ለሲሚንቶ ፋብሪካ የሚሆን የድንጋይ ከሰል በሚወጣበትና በሚጫንበት ቦታ መሬቱን መልሶ የማዳን ወጪ የባለፈቃዱ ነው፤ የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ለዚሁ ገንዘብ እንዲመድብ ያዘዋል። እዚያ የላይኛው አፈር መኪና ሳይረግጠው ተገፎ ቢቀመጥ ኋላ ተመልሶ ይለብሳል። ቆሼ በተጀመረ ጊዜ ግን እንዲህ ያለ ሕግም፣ የተቀመጠ አፈርም አልነበረም። ወጪው የወደቀው በከተማው ሕዝብ ላይ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ግን ከክምሩ ሥር ቤት በሠራውና ከጥራጊው ለቅሞ በሚያድረው ድኃ ላይ።

በመጪው ክረምት ችግኝ ይዞ ወደ እንዲህ ያለ ቦታ የሚወጣ መሥሪያ ቤት ቢኖር፣ አስቀድሞ ጥቂት ጉድጓዶች አስቆፍሮ ጋዙን ያስለካ፤ በትንሽ ቦታም ሣር ዘርቶ እስከ መስከረም ይመልከተው። ሣሩ ቢጫ ከሆነ ችግኙ ለሌላ ቦታ ይቆይ።