ያልተቆጠረው ድካም



በዚህ አምድ ስለ ፍቅር፣ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ጋራ ጸሎት ብዙ ተነጋግረናል። ዛሬ ግን ስለ ዋጋ እንነጋገር። አዎን፣ ስለ ብር! «እትዬ፣ ይህ መንፈሳዊ ርእስ ነው እንዴ?» የምትሉ አትጠፉም። እኔም በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለሁ ስለ ዋጋ አወጣጥ የተማርሁት ነገር አልነበረም። ነገር ግን ባልና ሚስትን ቤታችን ድረስ እያለቀሱ ከሚያመጧቸው ነገሮች አንዱ ገንዘብ መሆኑን ካየሁ ብዙ ዓመት ሆነኝ።

በላይ ጋይንት፣ ነፋስ መውጫ ውስጥ ምንጣፍና ብርድ ልብስ እያጠቡ የሚኖሩ ባልና ሚስት አሉ። ታሪካቸውን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አልጠራም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜ እንደ ብዙ ጎረቤቶቻቸው ንብረታቸውን አጥተዋል። ከዚያ በኋላ በሁለት በርሜል፣ በብሩሽና በሚስትየዋ እጅ ይህን ሥራ ጀመሩ። የከተማዋ ስም ራሱ ረዳቸው ማለት ይቻላል፤ ነፋሱ በበጋ የሰፋ ምንጣፍ ቶሎ ያደርቃል። ከስማዳና ከእስቴ በኩል የሚመጣ እንግዳ እንኳ «ባናዬን እጠቡልኝ» እያለ ይተውላቸው ነበር።

አንድ ቀን ግን ማሽን ያለው ትልቅ ድርጅት ከሌላ ከተማ በመኪና እየመጣ ምንጣፍ መሰብሰብ ጀመረ። በየግድግዳው ላይ የለጠፈው ወረቀት «በካሬ 45 ብር!» ይላል። የእኛዎቹ ባልና ሚስት 60 ብር ያስከፍሉ ነበር። (ቁጥሮቹን ስሌቱ እንዲገባችሁ ብዬ አስተካክዬአቸዋለሁ።) ባልየው ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ፤ ጠዋት ሚስቱን ሳያማክር ዋጋውን 40 ብር አደረገው።

ምንጣፉ እንደ ተራራ ተከመረ። እሷ ከንጋት እስከ ምሽት በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነች። በወሩ መጨረሻ ግን የቤት ኪራይ የሚከፈል ብር ጠፋ። እሱ «ገንዘቡን የት አደረግሽው?» አላት። እሷም «አንተስ ለማን ሰጠኸው?» አለችው። ወደ ቤታችን የመጡት ሳይነጋገሩ ሦስት ቀን ከቆዩ በኋላ ነበር።

ደብተሩን ክፈቱት

ባለቤቴ ከጸለየላቸው በኋላ እኔ «ደብተራችሁን አምጡ» አልኋቸው። ጌታችን በሉቃስ 14፥28 ላይ ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚቆጥር አስተምሮናል። ስለ ደቀ መዝሙርነት የተነገረ ምሳሌ ነው፤ ምሳሌው የሚሠራው ግን ወጪን መቁጠር ለማንኛውም አስተዋይ ሰው የታወቀ ነገር ስለሆነ ነው።

ባልየው የሚቆጥረው ሳሙናንና ውኃን ብቻ ነበር። ለአንድ ካሬ 12 ብር ይወጣል፤ ስለዚህ በ40 ብር ሲያጥብ 28 ብር ያተረፈ ይመስለው ነበር። እኛ ግን ሌላውንም ጻፍነው። የግቢው ኪራይ በወር 3,000 ብር፣ የሚረዳቸው ልጅ ደመወዝ 4,000 ብር፣ ምንጣፉን ለማመላለስ ለባጃጅና ለጋሪ 2,000 ብር፤ በድምሩ 9,000 ብር ነው። በወር 300 ካሬ ያጥባሉ። የሳሙናውና የውኃው 3,600 ብር ሲጨመር ጠቅላላ ወጪው 12,600 ብር ሆነ። ለ300 ብናካፍለው አንዱ ካሬ 42 ብር ያስወጣቸዋል ማለት ነው!

በ40 ብር ሲያጥቡ በየካሬው 2 ብር፣ በወር 600 ብር ይከስሩ ነበር። ሥራው በበዛ ቁጥር ጉልበታቸው አለቀ እንጂ ቤታቸው አልሞላም። ሌባም፣ አባካኝም አልነበረም። ሦስት ቀን ያኳረፋቸው ያልተቆጠረ ቁጥር ነው።

ከዚያ እኔ ጠየቅሁ፦ «የልጁ ደመወዝ እዚህ አለ። የእሷስ የታለ?»

ባልየው ፈገግ ብሎ «እሷማ ሚስቴ ናት» አለኝ።

እሷ ምንም አልተናገረችም። እጆቿን ከነጠላዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። ጣቶቿ በውኃና በሳሙና ተሰነጣጥቀው፣ አንዳንዱ ደም ቋጥሮ ነበር። ባልየው ለረጅም ጊዜ አያቸው። ፈገግታው ጠፋ።

ወንድሞቼ ሆይ፣ ይህን በፍቅር ስሙኝ። «ሚስቴ ናት» የሚለው ቃል የክብር ቃል ነው እንጂ ነጻ ጉልበት ማለት አይደለም። ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 22 ቁጥር 13 ላይ ባልንጀራውን ያለ ዋጋ በሚያሠራ ሰው ላይ ወዮታ ይናገራል። ከሚስት የሚቀርብ ምን ባልንጀራ አለ? ሐዋርያው ጴጥሮስም ባል ሚስቱን ባያከብር ጸሎቱ እንደሚከለከል ያስጠነቅቃል (1ኛ ጴጥ. 3፥7)። አቂላና ጵርስቅላ ድንኳን ሰፊዎች ነበሩ (ሐዋ. 18፥3)፤ ሥራውም አገልግሎቱም የሁለቱ ነበረና መጽሐፍ አንዱን ለብቻው አይጠራም።

ስለዚህ ለእሱም ለእሷም ቢያንስ የልጁን ያህል፣ 4,000 4,000 ብር ጻፍን። ለሚያልቅ ብሩሽ፣ ለሚበሳ በርሜልና በድንገት ለሚበላሽ ምንጣፍ ደግሞ በካሬ 6 ብር አስቀመጥን። ድምሩ 22,400 ብር ሆነ፤ ለ300 ሲካፈል ወደ 75 ብር ይጠጋል። የቀድሞው 60 ብር እንኳ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያስገኛቸው 5,400 ብር ነበር፤ ለየራሳቸው ሲካፈል ከቀጠሩት ልጅ ያነሰ!

ትልቁ እንዴት በ45 ብር ቻለ?

ባልየው «እትዬ፣ እሱ በ45 እያጠበ እኛ 75 ብንል ማን ይመጣል?» አለ። ጥያቄው ትክክል ነው።

ትልቅ ድርጅት ሳሙናውን በበርሜል በጅምላ ይገዛል፤ ኪራዩንና ደመወዙን በብዙ ሺህ ካሬ ላይ ያካፍላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ካሬ የሚደርሰው ወጪ ያንሳል። አንዳንዱም ሰው ለመሳብ ሲል መግቢያውን አርክሶ ሌላውን በጭማሪ ያስከፍላል። በውጭ አገር ደግሞ ፍራንቻይዝ የሚባል አሠራር አለ፤ አንድ ሰው የታወቀ ድርጅትን ስምና አሠራር ተውሶ ይሠራል፣ ከገቢውም ለስሙ ባለቤት ድርሻ ይከፍላል። እንዲህ ያለው ነጋዴ ማስታወቂያው ቢያግዘውም ትንሹ ሠራተኛ የሌለበት ወጪ አለበት። ትልቅ ሁሉ ርካሽ አይደለም ማለት ነው።

እኛም ወረቀቱን በደንብ አነበብነው። ማመላለሻው ለብቻው 150 ብር ነው፤ እድፍ ካለ ደግሞ ሌላ ጭማሪ አለ። ሁለት በሦስት የሆነ ምንጣፍ 6 ካሬ ነው። በ45 ብር 270፣ ከማመላለሻው ጋር 420 ብር ይሆናል። የእኛዎቹ በ75 ብር፣ ማመላለሻውን ጨምሮ 450 ብር ነው። የሚያስፈራው ልዩነት ወደ 30 ብር ወረደ! ደንበኛ ግን ይህን ካልነገሩት አያውቅም። ስለዚህ ዋጋችሁን ስትጽፉ ምን ምን እንደሚጨምር አብራችሁ ጻፉ።

ሁሉን ሥራ በአንድ ዋጋ ማየትም ስሕተት ነው። ቀላሉንና ሳሳ ያለውን ምንጣፍ ማሽን ይሻላል፤ እሱን ለትልቁ ተዉለት። የሱፍ ምንጣፍ፣ ባና፣ ቡልኮና ጋቢ ግን የሚያውቅ እጅ ይፈልጋል። በክረምት ማድረቅ ብዙ ቀን ስለሚፈጅ ሥራውም ስለሚያንስ ይህም አስቀድሞ ይታሰብ።

ዋጋ ሲወርድ ሌላም ነገር ይወርዳል

እዚህ ላይ ባልየው አንገቱን ደፍቶ ያልነገረንን ነገር ነገረን። በ40 ብሩ ወር ጊዜ ለመቆጠብ ሲል አንድ ባና በሙቅ ውኃና በበረኪና አጥቦ ነበር። የበግ ጸጉር በሙቅ ውኃ ሲታሽ ይኮማተራል፤ በረኪና ደግሞ ይበላዋል። ሚስቱ ይህን ከእናቷ ታውቃለች፤ እናቷ በቀዝቃዛ ውኃ፣ በእንዶድ ቀስ አድርጋ ነበር የምታጥበው። እሱ ግን አልጠየቃትም። ባናው የአንዲት አሮጊት የእናት ውርስ ነበር፤ እሱም «ድሮም አርጅቶ ነው» ብሎ መለሰላቸው።

ምሳሌ 11፥1 እግዚአብሔር አባይ ሚዛንን እንደሚጠላ ይነግረናል። የእኛ ሚዛን ብሩሽና ሳሙናችን ነው። ከአቅም በታች የሆነ ዋጋ ሁልጊዜ አንድ ሰው ይከፍለዋል፤ ወይ ሚስት በእጇ፣ ወይ ተቀጣሪ በደመወዙ፣ ወይ ደንበኛ በንብረቱ። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የእኛ ምእመናን ጥቂቶች ናቸው። ጎረቤት ስብከታችንን ላይሰማ ይችላል፤ ያጠብንለትን ምንጣፍ ግን በየቀኑ ይረግጠዋል።

ባልየው «ከሌሎቹ አጣቢዎች ጋር ተስማምተን ሁላችንም አንድ ዋጋ ብንቆርጥስ?» ብሎም ነበር። ይህን አልደገፍሁትም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ተወዳዳሪዎች ዋጋ ለመወሰን እንዳይስማሙ ከልክሏል፤ ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲለጥፍም አዝዟል። በበዓል ሰሞን ሰው ሲቸገር ጠብቆ ዋጋ መቆለልም ያው ነው። የታወቀ፣ የተለጠፈ፣ ለሁሉ እኩል የሆነ ዋጋ ይሻላል።

ትልቁም ጠላት አይደለም

የትልቁን ድርጅት ስም ማጥፋትም አይገባም። ማሪዮን ዌድ የሚባል አማኝ እ.ኤ.አ. በ1929 በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ሱፍን ከብል የሚከላከል አነስተኛ ሥራ ከቤቱ ጀመረ። በ1944 የጽዳት ኬሚካል ፈንድቶ ዓይኖቹን ክፉኛ ጎዳው። በዚያ ሕመም ውስጥ ሳለ ሥራውን ለጌታ አሳልፎ ለመስጠት ወሰነ። በኋላም ቀድሞ መጋቢ ከነበረው ከኬን ሀንሰን ጋር ሠራ። ምንጣፍ ማጽዳትንም የጨመረው ድርጅታቸው ሰርቪስማስተር ተባለ፤ ስሙ ጌታን ማገልገል የሚል ሐሳብ አለው። በ1952 ፍራንቻይዝ መስጠት ጀመረ፤ በጊዜውም እጅግ ትልቅ ሆነ። ትልቅነት በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ትንሽነትም በራሱ ጽድቅ አይደለም። ሁለቱም በእውነተኛ ሚዛን ይመዘናሉ።

ከዚያስ ምን ሆነ?

ባልና ሚስቱ 75 ብር ብለው ለጠፉ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደንበኛ ቀነሰ። 300 የነበረው ካሬ 240 ሆነ። ገቢው 18,000 ብር ነው፤ ሳሙናና ውኃው 2,880፣ ኪራዩ፣ ደመወዙና ማመላለሻው 9,000፣ መጠባበቂያው 1,440 ሲወጣ ለሁለቱ 4,680 ብር ቀረ። ያሰቡት 8,000 ገና አልደረሰም። ነገር ግን በ300 ካሬ ከሚከስሩት 600 ብር ጋር አስተያዩት! እሷም ከሰዓት በኋላ ከልጆቿ ጋር መቀመጥ ጀምራለች።

ወደ አሮጊቷም ሁለቱም አብረው ሄዱ። ባልየው «እናቴ፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ዋሽቼዎታለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ» አለ። ካሣውን በሦስት ጊዜ ከፈሉ። እሳቸው ያን ዕለት ብዙ አልተናገሩም። ለፋሲካ ሰሞን ግን የልጃቸውን ምንጣፍ ላኩላቸው።

ሰሞኑን ደብተራቸውን አሳዩኝ። ከልጁ ደመወዝ በታች፣ በባልየው እጅ ጽሑፍ የሚስቱ ስም ከነአባቷ ተጽፏል፤ ከፊቱም 4,000 ብር ይላል። ወሩ ሳይሞላለት ሲቀር ምን ያህል እንደሚቀርላት አጠገቡ ያሰፍራል። «ዕዳዬ ነው» አለኝ።

በዚህ ሳምንት አብራችሁ ተወያዩ

1. በቤታችን ሥራ ውስጥ ዋጋ ያልተቆጠረለት የማን ድካም ነው?
2. ዋጋ ስንቀንስ ወይም ስንጨምር ሁለታችንም እናውቃለን ወይስ አንዳችን ብቻ?
3. ቸኩለን ያበላሸንበት፣ ይቅርታም ያልጠየቅነው ሰው አለ?

የሰማዩ አባታችን ሆይ፣ የእጃችንን ሥራ ባርክ። ዓይናችንን ክፈትና አጠገባችን የሚደክመውን ሰው እንድናይ እርዳን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

እስከሚቀጥለው እትም ሰላም ሁኑ!