የበጋን ብርድ በከሰል ሳይሆን በቤት ዝግጅት እንከላከል

በመካከለኛው ስምጥ ሸለቆ በአዳማ፣ በመቂና በባቱ አካባቢ የሚኖር ገበሬ ቤቱን የሚሠራው በአብዛኛው ሙቀትን አስቦ ነው። ምርጊቱ ሳሳ ይላል፤ በግድግዳውና በጣራው መካከልም ነፋስ እንዲያልፍ ክፍት ቦታ ይተዋል። ለአብዛኛው የዓመቱ ክፍል ይህ ትክክለኛ አሠራር ነው። ሆኖም ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ቀን ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የነበረው ሙቀት በአንዳንድ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። «አገራችን ቆላ ነው፤ ብርድ አይመለከተንም» የሚለው አባባል የሚፈተነው በእነዚህ ጥቂት ሌሊቶች ነው።

ብርዱ በዚህ ወቅት የሚጠነክርበት ምክንያት ግልጽ ነው። ክረምት ላይ ደመናው እንደ ጋቢ ሆኖ የምድሪቱን ሙቀት ይይዛል። በበጋ ግን ሰማዩ ስለሚጠራ መሬቱም ጣራውም ቀን የሰበሰቡትን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ይለቃሉ። የቀዘቀዘ አየር ከሞቀው ስለሚከብድ ቁልቁል እየወረደ በረባዳ ቦታ ይተኛል። በመሆኑም በረባዳ ቦታ ያለ ቤት በጉብታ ላይ ካለው ጎረቤቱ የበለጠ ይበርደዋል። የቆርቆሮ ጣራ ደግሞ ከሣር ክዳን ይልቅ ሙቀትን ቶሎ ያስወጣል። ንጋት ላይ ከቆርቆሮው ሥር የሚንጠባጠበው ጠብታ የዚሁ ምልክት ነው።

ያልተዘጋጀ ቤተሰብ ብርዱ ሲመጣበት የሚያደርገው የታወቀ ነው። በርና መስኮቱን ዘግቶ የከሰል ምድጃ ወደ መኝታው ያስገባል። እኛ አጥብቀን የምንቃወመው ይህንን ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ወደ ሳንባ ሲገባ ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ኃይል ከደም ጋር ስለሚጣበቅ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። «ፍሙ ከቀላና ጭሱ ካለቀ በኋላ ቢገባ አይጎዳም» የሚባለው ስሕተት ነው። ገዳዩ ጋዝ ጭስ ሳይታይም ይወጣል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ከተሰማ ሰውን ሁሉ ወዲያውኑ ወደ ውጭ ማውጣትና ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል።

አንዳንዶች «ለጥቂት ሌሊት ብርድ ቤት ማደስ ለምን ያስፈልጋል?» ይላሉ። መልሳችን ሳይቃጠል በቅጠል ነው። የምንመክረው ሥራ የሚጠይቀው በይበልጥ ጉልበትና ጊዜን ሲሆን ዕቃው በአብዛኛው በእጅ የሚገኝ ነው።

1ኛ/ ምርጊት፦ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ጭቃው ሲደርቅ ግድግዳው ይሰነጠቃል። ስንጥቁን በጥቅምት ወር በጭድ በተቦካ ጭቃ መድፈን ይገባል። አዲስ ጭድ የሚገኘው እህል ከተወቃ በኋላ ስለሆነና ያን ጊዜም ብርዱ ስለሚገባ፣ ከአምናው ጭድ ጥቂት ለዚህ ሥራ ማስቀመጥ ያሻል።

2ኛ/ በርና መስኮት፦ ከበሩ ሥር ያለውን ክፍተት ሌሊት በአሮጌ ጨርቅ ወይም በአሸዋ በተሞላ ከረጢት መዝጋት ይቻላል። በግድግዳው አናት ነፋስ ከሚመጣበት በተቃራኒ ያለውን ክፍት ቦታ ግን መድፈን አይገባም። ቤቱ አየር ያስፈልገዋልና።

3ኛ/ ኮርኒስ፦ ከቆርቆሮው በታች አቡጀዲ ወይም የተሰፋ የማዳበሪያ ከረጢት መወጠር ሙቀት ቶሎ እንዳይወጣ ይረዳል። ይህ የሚሠራው እሳት በማይነድበት ክፍል ብቻ ነው። ወጥ ቤቱም ለብቻው ቢሆን ይመረጣል።

4ኛ/ መኝታ፦ ሙቀት ወደ መሬትም ስለሚያልፍ በመደብ ላይ ደረቅ ገለባ አንጥፎ ሰሌን ማልበስ ይጠቅማል። በደንብ በተከደነ ዕቃ የሞቀ ውሃ አድርጎ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ እግር ሥር ማስቀመጥም ከከሰል የተሻለ ነው።

ቤት ስንል ከብቱንና ዶሮውንም ይጨምራል። ለጥጃ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ደረቅ ጉዝጓዝና ከነፋስ መከለል ነው። እርጥብ ወለል ላይ የሚያድር ጥጃ ቶሎ ይታመማል። ጫጩቶች በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋሉ። እናት ከሌላቸው ዙሪያውን ድርቆሽ ወይም ገለባ በታጨቀበትና የአየር መግቢያ በተተወለት ሣጥን ውስጥ ቢያድሩ የራሳቸው ሙቀት ይጠብቃቸዋል። ለጫጩት ተብሎ ሰው በሚተኛበት ክፍል ከሰል ማቀጣጠል አይገባም።

በዚህ ረገድ የእኛም የምርምርና የኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጉድለት አለ። ውርጭ በቡቃያ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ብዙ ስንጽፍ፣ ቡቃያውን የሚንከባከበው ሰው ስለሚያድርበት ቤት የጻፍነው ጥቂት ነው። የልማት ሠራተኛው በጥቅምት ወር የገበሬውን ማሳ ሲጎበኝ ወደ ቤቱም ጎራ ብሎ ግድግዳውንና መኝታውን ቢያይ፣ ስለ ከሰሉም ከእማወራዋና ከአባወራው ጋር ቢነጋገር ከሥራው ውጭ ወጣ ሊባል አይገባም። በጥቅምት የተመረገ ግድግዳ በታኅሣሥ ሌሊት ከሰሉን ከመኝታ ቤት ውጭ ያስቀራል። የቤተሰቡም ሕይወት ከአደጋ ይጠበቃል።