እንግዳ ይዛችሁ ጣና ስትወርዱ



ክረምቱ ሲወጣ ቤተሰብ ሊጠይቀን ይመጣል። የአብዛኞቻችን አስጎብኚነት አንድ ዓይነት ነው፦ ካምፓስ፣ መስጂድ፣ የሙስሊም ምግብ ቤት፣ ከዚያ መናኸሪያ። «ባሕር ዳር ከገዳማቱ ሌላ ለእኛ ምን አላት?» ያለኝ ወንድምም አለ። እኔ አልስማማም።

ከምግቡ ልጀምር። ሥጋ ሲሆን የማን እርድ እንደሆነ መጠየቅ ግድ ነው። ዓሣ ግን እርድ አያስፈልገውም፤ ይህን መድረሳ ሱረቱል ማኢዳ ላይ ቀርተነዋል። ስለዚህ ሐይቁ ዳር የተጠበሰ ቀረሶ ወይም ዓሣ ጉላሽ ጋብዙ። ዘይቱና መጥበሻው ሥጋ የተሠራበት አለመሆኑን ብቻ ጠይቁ። መጠጥ የሚሸጥበት ቤት ካልተመቻችሁ አስጠቅልላችሁ ዛፍ ጥላ ሥር ብሉ።

ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣርታችሁ መስከረም ወይም ጥቅምት ላይ ሂዱ። በበጋ ውኃው ለኃይል ማመንጫ ስለሚጠለፍ እንግዳችሁ የሚያየው አብዛኛው አለት ነው። ጣና በለስም ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ከሐይቁ በዋሻ ይወስዳል። 460 ሜጋ ዋት ሲባል እንደ ኢንጂነሪንግ ተማሪ ደስ ይለኛል፤ እንደ አስጎብኚ ግን አፍራለሁ።

ዋናው ጉዳዬ ታንኳው ነው። አምና አጎቴ ከደሴ መጥቶ በሐይቁ ዳር ስንሄድ የደንገል ታንኳ አየና «ይህን የሚሠራው ማነው?» አለኝ። ሦስት ዓመት እዚህ ተምሬ አላውቅም ነበር። «አንተ ልጅ፣ ኢንጂነር ይሆናል ብለን!» ብሎ ሳቀብኝና ሄዶ ሰላምታ አቀረበ። መልሱ «ወዐለይኩሙ ሰላም» ሆነ።

ሰዎቹ ነገደ ወይጦ ናቸው፤ የጣና ዳር ነባር ሙስሊሞች። አባቶቻቸው ጉማሬ አድነው ይበሉ ስለነበር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከእነሱ ጋር ማዕድ አይቆርስም ነበር። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 አትላንቲክን ሊያቋርጥበት ላሠራው «ራ» ለተባለው ጀልባ ደንገሉን ያስመጣው ከዚሁ ሐይቅ ነው። ዛሬ ዳርቻው በእርሻና በግንባታ እየተያዘ ደንገሉ ርቋቸዋል።

ሽማግሌው ቡና አቀረቡልን። እውነቱን ልናገር፣ እኔ አመነታሁ። ስለ እነሱ ልጅ ሆኜ የሰማሁት ወሬ እጄን ያዘው። ደግሞ ያን ወሬ የሰማሁት ከክርስቲያን ጎረቤት አይደለም፣ ከራሳችን ሰዎች ነው። አጎቴ ፉት አለ፤ እኔም ተከተልኩ። ዐስር ሲደርስ አብረን ሰገድን።

ስለዚህ ስትሄዱ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ሰላም በሉ፤ ትንሿን የደንገል ታንኳ ስትገዙ ዋጋ አትከራከሩ፤ ቡና ከቀረበላችሁ ተቀመጡ። በሚቀጥለው ወር እናቴ ትመጣለች ኢንሻአላህ፤ ከመናኸሪያ ቀጥታ እዚያ ነው የምወስዳት። ዓሣ ግን አትወድም፣ እሱን እናያለን።