የቤተሰብ አምድ፦ መንጠቆና ጉማሬ በናይቫሻ

የዕረፍት ቀናችሁን ከቤተሰባችሁ ጋር ዓሣ በማጥመድ ለማሳለፍ ላሰባችሁ፣ የዛሬው አምዳችን ከኢምባካሲ ወደ ናይቫሻ ሐይቅ ይወስዳችኋል። ሐይቁ ከናይሮቢ በስተ ሰሜን ምዕራብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።

አሜሪካውያን በፀደይ ወራት የሚሹት የክራፒ ዓሣ የሥጋ ዘመድ የሆነው ባስ፣ እ.ኤ.አ. በ1929 ወደዚህ ሐይቅ ገብቷል። ባስ አድፋጭ አዳኝ ነውና በደንገሉ ዳርቻና በሰጠመ ግንድ ጥላ ሥር ይፈለጋል፤ የመሬት ትል ወይም እንደ ትንሽ ዓሣ የሚያብለጨልጭ ሰው ሠራሽ ማባበያ ይስበዋል። በአገራችን የምናውቀው ቆሮሶም በዚያው ይገኛል፤ እርሱን ትል ወይም የሊጥ እንክብል ያታልለዋል። ጭቃውን እየቆፈረ የሚመገበው ካርፕ ግን ኬንያውያን ኡጋሊ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ ይወዳል።

ዓሣ አብዝቶ የሚመገበው በንጋትና በምሽት ነው። ይሁን እንጂ ሌሊቱን ሣር ሲግጥ የሚያድረው ጉማሬም ከውኃው የሚወጣውና ወደ ውኃው የሚመለሰው በእነዚሁ ሰዓቶች፣ በዚያው በደንገሉ መካከል ነው። በጉማሬና በውኃው መካከል የቆመ ሰው ሕይወቱን አሲዟል። ወታደር የሚረግጠውን መሬት አስቀድሞ ያጠናልና በዳርቻው ዱካ ያያችሁ እንደ ሆነ ቦታ ለውጡ። ፈቃድ አውጥታችሁ፣ ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ፣ ሐይቁን ጠንቅቆ በሚያውቅ ጀልባ ቀዛፊ መሪነት አጥምዱ፤ ልጆችንም ከደንገሉ አርቁ።

እመቤቶች ሆይ፤ ባለቤታችሁ ረፋድ ላይ ወጥቶ ጥቂት ዓሣ ይዞ ቢመለስ አትውቀሱት። ሁለት ዓሣ በሎሚና በሚጥሚጣ ተጠብሶ፣ ቤተሰቡ ሳይጎድል የቀረበበት ገበታ ሙሉ ነው።

ሳምንት በደኅና ያገናኘን።