ወንፊቱን የያዘው ማን ነው?

ባለፈው ጥቅምት በአንድ የሥነ ጽሑፍ ምሽት ላይ ተገኝቼ ነበር። ከግጥም ንባቡ በኋላ ውይይት ተከፈተ፤ ወጉም እንደተለመደው «ዘላቂ ሥራ የሚባለው የትኛው ነው?» ወደሚለው ጥያቄ አመራ። አንድ ዕድሜ የጠገቡና የተከበሩ ሐያሲ ማይኩን ተቀበሉና «አትጨነቁ፤ ዘመን ወንፊት ነው። እንክርዳዱን አራግፎ ስንዴውን ያስቀራል። የጠፋ ሁሉ ሊጠፋ የሚገባው ነበር» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም እጄን አወጣሁና ጓደኞቼ እስከ ዛሬ የሚያላግጡብኝን ጥያቄ ጠየቅሁ፦ «የድሮ የቴሌቪዥን የጥያቄና መልስ ውድድሮች መለያ ዜማስ?»

ሳቁ ከጭብጨባው በለጠ። ሐያሲውም በትሕትና ፈገግ ብለው «ልጄ፣ እኛ የምናወራው ስለ ኪነ ጥበብ ነው» አሉኝና ማይኩን ለሌላ ሰጡ።

እነሆ ያን ምሽት ያልጨረስኩትን እዚህ ልጨርስ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ «በእኛ» ካላልኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጠዋትና ከሰዓት በኋላ በውድድር ዝግጅቶች የተሞላ ነበር። ሰው ይጠየቃል፣ ይመልሳል፣ ይሸለማል፣ ይሸኛል። እያንዳንዱ ዝግጅት የራሱ ሙዚቃ ነበረው፤ በር መክፈቻ አለው፣ የማሰቢያ ጊዜ መሙያ አለው፣ አሸናፊን ማድመቂያና ተሸናፊን ማባበያም አለው። እነዚህን የደረሱ ሰዎች ነበሩ፤ ስቱዲዮ ገብተው የነፉ ጥሩምባ ነፊዎች፣ የመቱ ከበሮ መቺዎች ነበሩ። አብዛኞቹን በስም የሚያውቃቸው የለም። ሥራቸውን ሚሊዮኖች በየቀኑ ሰምተውታል፤ «ሰማሁ» ያለ ግን አልነበረም።

ታዲያ ወዴት ሄደ? ዘመን አበጠረውን? አላበጠረውም። የደመሰሰው የሒሳብ ክፍል ነው።

የዚያ ጊዜ የቪዲዮ ቴፕ ውድ ዕቃ ነበር፤ ደምስሶም ዳግም ይቀዳበት ነበር። ስለዚህ ጣቢያዎቹ የትናንቱን ዝግጅት አጥፍተው በላዩ ላይ የዛሬውን ይቀዱ ነበር። «ጄፓርዲ» የተባለውን ዝነኛ ውድድር እንውሰድ። በአርት ፍሌሚንግ አቅራቢነት ከመጋቢት 1964 እስከ ጥር 1975 በኤን ቢ ሲ ቴሌቪዥን ሲታይ ከ2,700 በላይ ክፍሎች ተሠርተውለታል። ዛሬ ከእነዚያ የተረፉት እጅግ ጥቂት ናቸው። አንዱ በ1972 የተላለፈው 2,000ኛው ክፍል ነው፤ እሱም የተረፈው ቁጥሩ ክብ ስለሆነ ይመስለኛል። 1,999ኛው ምን አጠፋ? እንክርዳድ ነበርን? በ1,999 እና በ2,000 መካከል ያለው የጥበብ ልዩነት ምን ያህል ነው?

እኔ የምተዳደረው በባንክ መስኮት ነው። ስለዚህ ስለ ሰነድ አጠባበቅ ጥቂት አውቃለሁ። አንዲት እናት የሃምሳ ብር ገቢ ስታደርግ የምትፈርምበት ወረቀት ቀን ተጽፎበት፣ ከቢጤዎቹ ጋር ታስሮ፣ ሣጥን ገብቶ፣ መዝገብ ቤት ወርዶ ለዓመታት ይቀመጣል። ማንም አያነበውም፤ ማንም ግን አይነካውም። «ዘመን ያጣራዋል» ብሎ ለነፋስ የሚተው የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ እስከ ዛሬ አላየሁም። ገንዘብን በሚመለከት ጊዜ ሁላችንም ዘመንን አናምነውም። የምናምነው ዜማና ግጥም ላይ ስንደርስ ብቻ ነው፤ ያውም የሌላ ሰው ዜማና ግጥም ላይ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልግባ።

«ጄፓርዲ»ን የሚያውቅ ሰው ሠላሳ ሰከንድ የምትፈጀውን የማሰቢያ ዜማ ያውቃል። ደራሲዋ የዝግጅቱ ፈጣሪ ሜርቭ ግሪፊን ነው፤ መጀመሪያ ለልጁ ለቶኒ እንደ እሹሩሩ የጻፋት ነበረች። በሕይወት ዘመኑ ወደ 70 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የሮያሊቲ ገቢ እንዳመጣችለት ራሱ ይናገር ነበር። በጎ ነው፤ አልቀናም (ትንሽ ቀንቻለሁ)። ነገር ግን በ1964 ዝግጅቱ ሲጀመር በር የሚከፍተው ሙዚቃ ይህ አልነበረም። «ቴክ ተን» የሚባል ሌላ ዜማ ነበር፤ ደራሲዋም በጊዜው ባለቤቱ የነበረችው ጁላን ግሪፊን ናት።

ይህች ሴት ዜማ ብቻ አይደለም የሰጠችው። በ1950ዎቹ ለተወዳዳሪዎች መልሱ በስውር አስቀድሞ እየተነገራቸው መሆኑ ተጋልጦ የጥያቄና መልስ ዝግጅት ስም ጠፍቶ ነበር። ባልና ሚስቱ በአውሮፕላን ሲጓዙ ጁላን «ታዲያ መልሱን በግልጽ ብንሰጣቸውና እነሱ ጥያቄውን ቢያመጡስ?» አለችው። ምሳሌ ቢጠይቃት «5,280» አለች፤ እሱም «በአንድ ማይል ውስጥ ስንት ጫማ አለ?» ብሎ መለሰ። ዝግጅቱ ከዚህች ቅጽበት ተወለደ። እንግዲህ ሐሳቡም የእሷ፣ የመጀመሪያው ዜማም የእሷ። በ1984 ዝግጅቱ በአዲስ መልክ ሲመለስ ግን የባልየው የማሰቢያ ዜማ ፈጠን ተደርጎ መክፈቻ ሆነ። «ቴክ ተን» ከእነዚያ ከተረፉት ጥቂት ቅጂዎች ጋር ቀረ። በቴፕ ተቀድቶ በየቀኑ ለአሥር ዓመት ከዘጠኝ ወር የተሰማ ዜማ!

ዘመን ነው ይህን ያደረገው? ዘመን ሚስትን ከባል ለይቶ ያውቃልን? ሙዚቃው በተላለፈ ቁጥር ለደራሲው ገንዘብ ይከፈላል። የወንፊቱን እጀታ ይዞ የሚነቀንቀው ማን እንደሆነ ለማወቅ ክፍያው ወዴት እንደሚሄድ መከተል ይበቃል። ያው ሜርቭ ግሪፊን ያቀናበረው «ዊል ኦፍ ፎርቹን» በ1975 ሲጀመር መለያው ተዋናዩ አለን ቲክ የደረሰው «ቢግ ዊልስ» ነበር። በ1983 ይህም ተነሣና በሌላ ተተካ። የተተካው ዜማ ደራሲ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሜርቭ ግሪፊን። ሰውየውን ሌባ ማለቴ አይደለም፤ በገዛ ቤቱ የገዛ መጋረጃውን ሰቀለ። እኔ የምለው ይህን የሒሳብ ውሳኔ «የዘመን ፍርድ» እያላችሁ አታቆላምጡልኝ ነው።

ሌላም አለ፤ ይኸኛው ወደ አህጉራችን ይጠጋል። ከ1962 ማብቂያ ጀምሮ ይታይ የነበረው «ማች ጌም» በመጀመሪያ ዓመታቱ መለያ ያደረገው ጀርመናዊው በርት ኬምፕፈርት የደረሰውን «ኤ ስዊንጊን ሳፋሪ» ነበር። ሰምታችሁት እንደሆነ ዜማውን የሚመራው ቀጭን፣ ፍልቅልቅ ዋሽንት ነው። ያ ዋሽንት ከሐምቡርግ አልመጣም። ክዌላ ይባላል። በ1950ዎቹ የጆሃንስበርግ ጥቁር ልጆች በርካሽ የቆርቆሮ ዋሽንት በየመንገዱ ጥግ ይነፉት የነበረ የጎዳና ሙዚቃ ነው። ቃሉ በዙሉ ቋንቋ «ውጣ፣ ተሳፈር» ማለት ሲሆን የፖሊስ መኪናውንም ሕዝቡ «ክዌላ ክዌላ» ይለው ነበር። እንግዲህ በየቀኑ ከምሳ በኋላ አንዲት የኦሃዮ እመቤት ካልሲ እያጠፈች የሰማችው የደስደስ ሙዚቃ የአፓርታይድ ፖሊስ በሚያሳድዳቸው ልጆች አፍ የተፈጠረ ስልት ነው። ልጆቹ አልተከፈላቸውም፤ ስማቸውም አልተጠራም። የ60ዎቹ «ማች ጌም» ቴፖችም በአብዛኛው ተደምስሰዋል። አንድ ሥራ ሁለቴ ተረሳ ማለት ይኸ ነው፤ መጀመሪያ ከምንጩ፣ ቀጥሎ ከመድረሻው።

የምሽቱ ሐያሲ «ይህ እኮ የትእዛዝ ሥራ ነው፤ ለገበያ የተሠራ ነው» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ይሁን። እስቲ የትእዛዝ ሥራን እንመልከት። ቢ ቢ ሲ በ1972 «ማስተርማይንድ» የተባለ ውድድር ጀመረ። ፈጣሪው ቢል ራይት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ አየር ኃይል ተኳሽ ሆኖ ተማርኮ በጌስታፖ የተመረመረ ሰው ነበር። ያን ምርመራ ወደ ጨዋታ ለወጠው፤ ጥቁር ወንበር፣ አንድ መብራት፣ የማያባራ ጥያቄ። ለዚህ የመረጡት ዜማ «አፕሮቺንግ ሜናስ» ይባላል፤ የኒል ሪቻርድሰን ድርሰት ነው። ለዝግጅቱ ተብሎ አልተጻፈም፤ ፈላጊ ሲመጣ ይወሰድ ተብሎ በመደርደሪያ ከሚቀመጥ የሙዚቃ ክምችት የተገኘ ነው። ደራሲው ለማን እንደሚጽፍ ሳያውቅ ጻፈ። ስሙት እስቲ። አንድ ሰው ጨለማ ኮሪደር ውስጥ ሲራመድ፣ እግሩም ወደ እናንተ ሲቀርብ ካልተሰማችሁ የእኔን ግጥሞች ቅደዷቸው።

በአገራችን የትእዛዝ ሥራ ነውር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? አዝማሪው ሰው በሚሰጠው ቃል ላይ ወዲያው ዜማ የሚያስገባው በትእዛዝ አይደለም? የቅኔ ተማሪ በጉባኤው ፊት የሚያቀርበው ቤቱ የታወቀ፣ ልኩ የተመተረ አይደለም? እኔ ራሴ ጡረታ ለሚወጡ የሥራ ባልደረቦቼ የስንብት ግጥም እጽፋለሁ። አለቃዬ «ከኬኩ በፊት፣ ከሁለት ደቂቃ ያልበለጠ» ይለኛል። ከጻፍኳቸው ሁሉ ሰው ያለቀሰባቸው እነዚያ ናቸው። በእንግሊዝ ከኅዳር 1982 ጀምሮ የሚታየው «ካውንትዳውን» የሰዓት ዜማ የአለን ሆክሾ ነው፤ እሱም ሠላሳ ሰከንድ ብቻ ተፈቀደለት። በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ጥድፊያ፣ ጭንቀትና መቋጫ አስገብቷል። አሥራ አምስት ገጽ ጽፈን መቋጫ የሚያጥረን ሰዎች ይህን ልንንቅ አይገባንም ነበር።

«የሚረባው ግን ይተርፋል» የሚሉ ሁሉ ደግሞ የሚጠሩት ምሳሌ አላቸው፤ የእኛው የ60ዎቹና የ70ዎቹ የሸክላ ሙዚቃ። አዎን፣ አምሐ እሸቴ ከ1969 እስከ 1975 ያሳተማቸው ዘፈኖች ዛሬ ዓለም ይሰማቸዋል። የተሰሙት ግን ዘመን ስለፈረደላቸው አይደለም። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል አንድ ፈረንሳዊ ተነሥቶ ሰበሰበና ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» እያለ በተከታታይ ስላወጣቸው ነው። ሰው ነው ያተረፋቸው፤ ያውም አንድ ግትር ሰው።

ሌላውን ስከስ የራሴን ደብቄ ባልፍ ጽሑፌ ሁሉ ሐሰት ይሆናል። እኔም ደምስሻለሁ።

አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ በደብረ ማርቆስ አካባቢ የታወቀች አልቃሽ ነበረች። ወንድሟ የሞተ ጊዜ ያወረደችውን ሙሾ አጎቴ ውጭ አገር ላለችው አክስቴ ለመላክ ብሎ በካሴት ቀድቶት ነበር። ካሴቱ አልተላከም፤ እኛ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ቀረ። አጎቴ ማንም እንዳይቀዳበት ከካሴቱ ራስ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የላስቲክ ጥርሶች ሰብሯቸዋል። በእኛ 1993 ዓ.ም. የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ከሬዲዮ ዘፈን ልቀዳ ፈለግሁ። ባዶ ካሴት አልነበረኝም። የተሰበረውን ቀዳዳ በፕላስተር ሸፈንኩና ቀዳሁበት። የቀዳሁትን ዘፈን ዛሬ አላስታውሰውም። አያቴ ከሁለት ዓመት በኋላ ሞተች፤ በእሷ ላይ የሚያለቅስ የእሷን ያህል አልቃሽ አልተገኘም፤ ካሴቱ ሲፈለግ ግን እኔ ተገኘሁ። አጎቴ አልተቆጣኝም። «አይ ልጄ» ብቻ ነው ያለኝ፤ እስከ ዛሬ ባሰማው ደስ የማይለኝ ቃል እሱ ነው።

ስለዚህ ክቡር ሐያሲ ሆይ፣ «የጠፋ ሁሉ ሊጠፋ የሚገባው ነበር» ሲሉኝ የሚያጽናኑት እኔን ነው፤ ያጠፋሁትን ልጅ። ማጽናኛውን አልቀበልም። ያ ሙሾ እንክርዳድ አልነበረም። እኔም ዘመን አልነበርኩም፤ ፕላስተር የያዘ ልጅ ነበርኩ።

ባለፈው እሑድ እናቴ ቤት ሄጄ ስልኬን ከቡናው ረከቦት አጠገብ አስቀመጥኩና የምታስታውሰውን እንድትለኝ ለመንኳት። መጀመሪያ «ደግ አይደለም፣ ያለ ለቅሶ ሙሾ አይወጣም» አለች። ሦስተኛው ስኒ ላይ ጀመረች። ሁለት ስንኝ መጣላት። ሦስተኛው አልመጣም፤ ቃሉ በጠፋበት ቦታ ዜማውን በማጉረምረም ሞላችው፤ ደግማ ከመጀመሪያው ሞከረች፤ እዚያው ላይ ተሰናከለች። ቅጂው አንድ ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ ነው። ማብቂያው ላይ «ተወው አሁን፣ ቡናው ቀዘቀዘ» ስትል ይሰማል። አልቆረጥኩትም።