ተቃዋሚ ፓርቲ በምን ይታወቃል?



ተቃዋሚነት ሥራ እንጂ ስም አይደለም። ሥራውም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ተጽፏል፦ በንዑስ አንቀጽ 17 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች ባለሥልጣናትን ጠርቶ ይጠይቃል፤ በንዑስ አንቀጽ 18 አንድ ሦስተኛው አባላት ሲጠይቁ በአስፈጻሚው ሥልጣን ላይ ይወያያል። ከ547 መቀመጫ ይህ 183 ድምፅ ነው። በ1997 ዓ.ም. ተቃዋሚዎች ከ170 በላይ መቀመጫ አግኝተው ለዚህ ቁጥር ተቃርበው ነበር። በ2002 ዓ.ም. ግን አንድ የተቃዋሚ ተወካይ ብቻ ገባ፤ በ2007 ዓ.ም. አንድም አልገባም።

በ2014 ዓ.ም. በተመሠረተው መንግሥት ደግሞ ሦስት የተቃዋሚ ፓርቲ አመራሮች ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ይህን የመቻቻል ጅምር የሚሉ አሉ። እኛ ግን እንጠይቃለን፦ በካቢኔ አብሮ የወሰነ ፓርቲ፣ ያንኑ ውሳኔ በምክር ቤት እንዴት ይመረምራል? ስለ ኑሮ ውድነቱ፣ ስለሚፈርሱት ቤቶች ማን ማንን ይጠይቃል? ሁለት ወዶ አይሆንም።

ስለዚህ ፓርቲያችን ቃል ይገባል፦ አብላጫ ድምፅ ካላገኘን ሹመት አንቀበልም፤ በምክር ቤት ተቀምጠን በስማችሁ እንጠይቃለን። ደጃችሁን የሚያንኳኳውን እጩ ሁሉ፣ የእኛንም ጨምሮ፣ «ሹመት ቢሰጥህ ምን ትላለህ?» በሉት። መልሱን ሰምታችሁ ድምፃችሁን ስጡ!