የነጋዴው ትርፍና የተራራው ካብ

ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ ሲተምን ግዢውን፣ ማጓጓዣውን፣ ቀረጡንና የቤት ኪራዩን አንድም ሳያስቀር ይጽፋል። ገበያውን ራሱን ያቆመለት ነገር ግን ብዙ ጊዜ በመዝገቡ አይገኝም። ይህ ጕድለት ምን ያህል እንደሚያስከፍል፣ በሰሜን ምዕራብ ኢጣልያ ቺንኴ ቴሬ በሚባለው የባሕር ጠረፍ በእግር እየተጓዝን ባሳለፍነው የዕረፍት ጊዜ ተመልክተናል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቺንኴ ቴሬ ማለት አምስቱ ምድር ማለት ሲሆን፣ ሞንቴሮሶ፣ ቬርናጻ፣ ኮርኒሊያ፣ ማናሮላና ሪዮማጆሬ የሚባሉት መንደሮች ናቸው። ከባሕሩ ቀጥ ብሎ የተነሣውን ገደል የአገሩ ሰዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ያለ ጭቃና ያለ ኖራ በድንጋይ እየካቡ እርከን አድርገው ወይን ተክለውበታል። ከሞንቴሮሶ የተነሣ እግረኛ በስተ ግራው ወይኑን፣ በስተ ቀኙ ባሕሩን እያየ በቀጭኗ መንገድ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ወደ መንደር ሲደርስ ይርበዋል፣ ይጠማዋል፤ ስለዚህም በጨው የተቀመጠውን ትንንሽ ዓሣ፣ ከደረቀ የወይን ዘለላ የተጠመቀውንም ሻኬትራ የተባለ ጣፋጭ የወይን ጠጅ ይገዛል። ባለሱቁ የሚሸጠው ዓሣና ጠጅ ነው፤ ገዢውን ያመጣለት ግን ካቡ ነው።

ይሁን እንጂ ወጣቱ ለሥራ ወደ ከተማ ሲሄድ ብዙው እርከን ጠባቂ አጣ። በ1997 ዩኔስኮ ስፍራውን በዓለም ቅርስነት መዘገበው፤ በ1999 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ ነገር ግን የተናደ ድንጋይ በመመዝገብ ብቻ አይነሣም። ኦክቶበር 25 ቀን 2011 ከልክ ያለፈ ዝናብ ጥሎ፣ ከተራራው የወረደው ጭቃና ድንጋይ የቬርናጻን ዋና መንገድ ሞላው። የምድር ቤት ሱቆች ተቀበሩ፤ በመንደሩም ሦስት ሰዎች ሞቱ። ባድማ የሆኑት እርከኖች መናዳቸው ጉዳቱን አባብሶታል። በሚቀጥለው ዓመት ሪዮማጆሬንና ማናሮላን የሚያገናኘው፣ አንድ ኪሎ ሜትር የማይሞላው «የፍቅር መንገድ» ድንጋይ ወድቆበት ተዘጋ፤ ሙሉ በሙሉ የተከፈተውም በ2024 ነው።

ዛሬ ከሞንቴሮሶ እስከ ኮርኒሊያ በባሕሩ ዳር ለማለፍ እግረኛው ለፓርኩ ይከፍላል። ይህ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ሸክሙን ሁሉ በመንገደኛው ላይ መጣል አይበቃም። «ጥገና የመንግሥት ሥራ ነው፣ እኛ ግብር ከፍለናል» የሚል ነጋዴ ይኖራል። ግብር መክፈሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን መንገድ በተዘጋ ጊዜ የዕለት ሽያጩን የሚያጣው ማን ነው?

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ከ400 ዓመት በላይ ሲካብ የኖረው የኮንሶ እርከን በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ቬርናጻ በጭቃ በተሞላችበት በዚያው በ2011 ነው። ከኮንሶ ማሽላ የሚገዛው፣ የሽፈራው ቅጠል ወደ ውጭ የሚልከው፣ በዚያም እንግዳ የሚያሳድረው ሁሉ የሚነግደው ገበሬው በሠራው ካብ ላይ ነው። ስለዚህ ከእንዲህ ያለ ስፍራ የሚጠቀሙ ነጋድያን ለካቡ ጥገና የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ከትርፋቸው ሳይሆን ከወጪያቸው መዝገብ ላይ እንደ ኪራይ እየጻፉ በማኅበር እንዲያዋጡ እናሳስባለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ ነውና፣ መዋጮው ካቡ ሳይናድ ቢጀመር ለሁሉም ይቀልላል።